ባለቤቱ ያልታወቀ ዜማ

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ልጅቱ ቁመቷን ሊያህል ትንሽ የቀረውን ቼሎ ከሣጥኑ አውጥታ ጉልበቷ መሃል ካቆመችው በኋላ፣ ከጨርቅ ውስጥ ድቡልቡል ሙጫ ፈታችና የደጋኑን ጭራ ታሸው ጀመር። ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ለእሑዱ ዝግጅት የሚበቃ ወንበር መኖር አለመኖሩን እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ ስድስት ላይ ስደርስ ሽታው መጣና ቁጥሩ ከራሴ ጠፋ። የፈረስ ጭራ በሙጫ ሲታሽ የሚሸተውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ ለሚያውቀው ደግሞ መንገር አያስፈልግም። ካሸተትኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረም። እዚያው ያገኘሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። "ደህና ነዎት እማማ?" አለችኝ ልጅቱ። "እማማ አትበይኝ፤ እዚህ አገር ቲቸር ነው የምባለው" አልኳት። ሲጨንቀኝ ሰው መቆጣት የቆየ አመሌ ነው።

ይታይሽ ፈንቴ እባላለሁ። ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በከተማው ውስጥ ከባጃጅ ነጂው እስከ ሹሙ ጠመኔ ያልወረወርኩበት ሰው ጥቂት ነው። ርእሰ መምህሩ አስማማውም ተማሪዬ ነበር፤ ግጥም ተነሥተህ አንብብ ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ። እሱ ነው ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገሩን የጀመረው።

"ቲቸር፣ ሦስት ሙዚቀኞች ከባሕር ዳር ሊመጡልን ነው። ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ። ለሕዝቡ በነፃ ሊጫወቱ።"

"ለምን?"

"እንዴት ለምን?"

"በነፃ ለምን?"

"በዓመት አንዴ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ገብቶበት የማያውቅ ከተማ ይመርጣሉ አሉ። ዘንድሮ መንገዱም ክፍት ሆነ፣ ዕጣው እኛ ላይ ወጣ።"

ጥርጣሬው የእኔ ብቻ አልነበረም። ገበያው በሙሉ ነፃ የሚለውን ቃል እያገላበጠ ሰነበተ። አንዱ "ካስገቡን በኋላ በሩን ዘግተው መዋጮ ይሉናል" አለ። ሌላው "ኧረ ስብሰባ ነው፤ ሙዚቃው ማባበያ ነው" አለ። አስማማው ለእኔ ሁለት ሥራ ሰጠኝ። አንደኛው የዝግጅቱን ዝርዝር በእጄ መጻፍ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያን ሰሞን ተበላሽቶ ነበር፣ የእጅ ጽሑፌ ደግሞ አይታማም። ሁለተኛው ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። "እርስዎ ካሉ ማንም አያወራም" አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ፒያኖው ዓርብ ጠዋት በአይሱዙ መጣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ። አሥር ጎልማሶች እንደ ታመመ ሰው በቃሬዛ አድርገው ከመኪናው እስከ አዳራሹ ተሸከሙት። መንገድ ላይ አንዱ አላፊ "ምን ሆኖ ነው?" ቢል፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ጉሮሮውን አሞት ነው" ብሎ መለሰና ሁሉም በሳቅ ሲፈርሱ ሊጥሉት ነበር። እውነትም ጉሮሮውን አሞት ኖሯል። የጋሳይን ዳገትና የክምር ድንጋይን ቁር አልቻለውም። ፒያኖ ተጫዋቹ፣ መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ በትንሽ ቁልፍ እያጠበቀ እያላላ አንዷን ድምፅ መቶ ጊዜ ይመታታል። ሰው በመስኮት ተሰበሰበ። አንድ ከገበያ የተመለሰ ገበሬ በትሩን ተደግፎ ብዙ ካደመጠ በኋላ "ይኸ ነው እንዴ? ለዚህ ነው አሥር ሰው የተሸከመው?" ብሎ በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

"መቃኛው ነው፣ አትቸኩል" አሉት የኔታ ላቀው። የኔታ ድጓ ያስመሰከሩ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ድምፅ ወዳለበት ሁሉ በዘንግ እየተመሩ ይሄዳሉ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ ያን ቀን ከሁሉ ቀድመው አዳራሽ ገብተው ተቀምጠዋል። እኔም ሽታው ሲመጣ የተቀመጥኩት እሳቸው አጠገብ ነው።

ቼሎ ተጫዋቿ ሜሮን ትባላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ከተቆጣኋት በኋላ እንኳ ቲቸር እያለች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ለእሑድ አራት ሥራ አዘጋጅተዋል፤ ሦስቱ የውጭ ናቸው፣ የመጨረሻው ግን ከዚሁ አገር የተገኘ ነው አለችኝ። "ድሮ እዚሁ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር የቀዳው ካሴት አለ። ቅጂው ዞሮ ዞሮ እኛ እጅ ገባ። ሽፋኑ ላይ 'አዝማሪ፣ ከስማዳ' ብቻ ነው የሚለው። ዜማው ግን እንዴት ያለ ነው መሰለዎት! መሃል ላይ አንዲት ሐረግ አለች። ሰውየው እሷኑ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ይላታል። አሥራ አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም ይላል። ረጅም ዝምታ ነው። አንዲት ልጅ ስትስል ብቻ ይሰማል። እኛ ያንን ዝምታ በጣም ነው የወደድነው፤ እንዳለ ነው የወሰድነው።"

"ሳሏንስ?" አልኳት።

"ሳሏን ተውነው" ብላ ሳቀች።

ሦስቱም ተቀምጠው ተጫወቱት። ባቲ ቅኝት ነው። መጀመሪያ ፒያኖው ረጋ ብሎ መንገዱን ጠረገ፤ ቫዮሊኑ ገባ፤ ከዚያ ቼሎው የአባቴን ሐረግ በአባቴ ድምፅ ማለት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ። ዝም። የኔታ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲጠብቁ ቆዩና ወደ እኔ ዘወር አሉ። "ሰው ይጎድለዋል" አሉ። "ምን አሉ የኔታ?" አልኩ፣ እንዳልሰማ ሆኜ። "እንደ ማኅሌቱ፣ የቀኙ ወገን ብሎ ጨርሷል። ግራው ወዴት አለ? መላሽ የሌለው ዜማ ነው ይኸ፣ አንቺ ልጅ።" ስድሳ አምስት ዓመት አልፎኝ አንቺ ልጅ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ነፋስ መውጫ አንድ መንገድ ነበረች፣ በሁለቱም በኩል ሱቅ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአምስት ሳንቲም፤ ኮንጎ ጫማ በአንድ ብር ከሃምሳ ይገዛል፣ በጋውን ሙሉ እግር ያቃጥላል፣ ግን ያበራል። ከመንገዱ ማዶ የዓረቡ ሱቅ ነበረ፤ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ያንጓጓል፣ ሱቁ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል። እኛ ሴት ተማሪዎች ክር ልንገዛ ነው ብለን ሄደን አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ የክር ቀለም ስናማርጥ እንቆያለን። ተትረን የሚባል ጨርቅ የመጣ ሰሞን ነበር፤ ታጥቦ ሳይተኮስ ይለበሳል። አሁን እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ካርድና የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ልጆቹ ዘፈን በጆሯቸው ተሰክቶላቸው ስለሚዞሩ የክር ቀለም ማማረጥ አያስፈልጋቸውም። የማዝንላቸውም የምቀናባቸውም በዚህ ነው። የትምህርት ቤቱ ደውል ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። አዳራሹ ይኸው የዛሬው ነው፤ ያን ጊዜ ወለሉ አፈር ነበር፣ ዝግጅት ሲኖር ውሃ ይረጭበታል፤ ቆርቆሮው ግን ያኔም እንደ አሁኑ በነፋስ ይንኳኳ ነበር።

እኔ ከወገዳ ወዲያ፣ ከስማዳ የመጣሁ የአዝማሪ ልጅ ነኝ። ይችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ፈንቴ ብሩ ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ካኪ ኮቱን ደርቦ፣ ሠርግ ካለበት ሠርግ፣ ክርስትና ካለበት ክርስትና ይዞራል። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እኔንም ያዞረኝ ነበር። ሥራ ነበረኝ። አዝማሪ አንድ ቤት ገብቶ ሲጫወት ሰው መጀመሪያ ያፍራል፤ ሁሉም ግጥም በሆዱ አለ፣ ቀድሞ ተቀበል የሚል ግን የለም። አዝማሪው ሐረጉን እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ግጥም የሰጠው ከሌለ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ እኔ ከሴቶቹ መሃል እቀመጣለሁ። አባቴ ሐረጓን ሦስት ጊዜ ሲል "ተቀበል!" እላለሁ፤ ግጥሙን እሰጣለሁ፤ እሱ በዜማ ይቀበላል፤ ሰው ይስቃል፤ ከዚያ ሌላው ይደፍራል። እኛ ቤት መክፈት እንለው ነበር። በአገራችን አባት አንቱ ይባላል፤ አባቴን ፊት ለፊት አንተ ብዬ የማውቀው በዚያች ተቀበል በምትባል ቃል ብቻ ነው። ያለኝ ቋንቋ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ሠላሳ ዓመት ግጥም ሳስተምር ግን ከየት እንደተማርኩት ለአንድ ተማሪ ተናግሬ አላውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ አይደል?

ነፋስ መውጫ ለትምህርት ስመጣ አባቴ ማን ነው ሲሉኝ የእስቴ ገበሬ ነው አልኩ። መካነ ኢየሱስ አጠገብ፣ አራት በሬ ያለው። የበሬዎቹን ስም ሳይቀር አውጥቼላቸው ነበር፤ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ሻሽና አንበሳ። ልጆቹ ማሲንቆ የያዘ ሰው በገበያ ሲያልፍ ክንዳቸውን በክንዳቸው እያሹ ድምፅ ያወጣሉ፤ እኔም አብሬ አድርጌዋለሁ። አዝማሪ በሠርጉ ላይ ይናፈቃል፣ በማግስቱ ልጁን የሚያጭ የለም። ይህን የሚያውቅ ሰው በአሥራ ስድስት ዓመቴ አይፈርድብኝም ይሆናል። እኔ ግን ፈርጄ ኖሬያለሁ።

የትምህርት መዝጊያው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ ከዓረቡ ሱቅ ጥግ አባቴን ቆሞ አገኘሁት። ማንም ሳያየን እጁን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ወሰድኩት። እሱ ናፍቃኝ ነው ብሎ ደስ አለው።

"ነገ እናንተ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ!" አለኝ። "ዲሬክተሩ ባለፈው ወገዳ ገበያ ላይ ሰማኝና ና አለኝ። ልጄ ከምትማርበት ቤት ገብቸ ልጫወት! ይኸውልሽ፣ ቤቱን አንች ትከፍችልኛለሽ። ግጥሟን መንገድ ላይ ሠርቻታለሁ፣ ስሚያት።"

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ነገረኝ።

መጻፍ አልተማረ፣ ፊደል አልቆጠረ፤
በአንድ ጭራ ገመድ ልጁን አስተማረ።

"ያዝሻት?" አለኝ። "ያዝኳት" አልኩት። ከስማዳ ድረስ ሁለት ቀን ሲራመድ እየፈተላት የመጣው ግጥም ናት። እሱ እንደ ስጦታ ነው ያመጣት። እኔ ግን ያንን ግጥም ከአፌ ባወጣሁ ቅጽበት አራቱም በሬዎቼ እንደሚሞቱ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ያን የአፈር ወለል ረጭተን፣ ተትረን ቀሚሴን ለብሼ፣ ከጓደኞቼ መሃል ተቀመጥኩ። ያ የውጭ አገር መምህር መቅረጫውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ማይኩን ወደ አባቴ አዙሮታል። አባቴ ተጫወተ። ከዚያ ሐረጓ ላይ ደረሰና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አላት። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። አራት። አጠገቤ ያለችው ልጅ ክንዷን በክንዷ እያሸች በክርኗ ነካ አደረገችኝ። አምስት፣ ስድስት። አባቴ ፈገግ ብሎ እየጠበቀ ነው፤ የረሳኋት መስሎት ረዘም አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ ይላታል። አሥራ አንደኛው ላይ ደጋኑን አነሣ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው የሚያየኝ መሰለኝ፤ ያኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳልኩ። ሳል አልያዘኝም ነበር።

ዲሬክተሩ አጨበጨበና ሌላ ዝግጅት ተጠራ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በዓረቡ ሱቅ ጥግ ጠበቀኝ። የተከፈለውን ይዞ ሸራ ጫማ ገዝቶልኛል፣ ነጭ፣ በሦስት ብር። "ልኩ ይሆንሽ?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ያ ቆርቆሮ በነፋስ ሲንጓጓ ድምፅሽን ሳልሰማው ቀረሁ መሰለኝ። ብለሽኝ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ፣ ብዬ ነበር" አልኩት።

"አየሽ! ጆሮየ ነው እንጅ!" አለና ሳቀ። ሰውየው በስንት ቤት ጫጫታ መሃል ሹክ የተባለ ግጥም ለቅሞ የሚቀበል ሰው ነው። ጥፋቱን ለእኔ ሲል በራሱ ጆሮ ላይ ጫነው። ያ ጫማ እስኪያልቅ ድረስ አደረግሁት፤ መምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ፤ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ሳለቅስ ሲያየኝ "ተይው፣ ዝም አይነቅዝም" ይለኝ ነበር። ሰው እንዲህ ይላል። የእኔ ግን ነቅዟል፤ ቅዳሜ ያን የዝግጅት ዝርዝር ልጽፍ ስቀመጥ ብናኙን አየሁት።

ሜሮን ዓርብ ከአዳራሹ ከመውጣቷ በፊት ለምናኝ ነበር። "ቲቸር፣ በሚቀጥለው ወር ልንቀዳው ነው። ያለ ስም ከወጣ እንዲሁ ያለ ስም ይቀራል። የሚያውቀው ሽማግሌ ካለ ይጠይቁልን።" እጠይቃለሁ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ የውጭዎቹን ጻፍኩ። አራተኛው ላይ ብዕሬ ቆመ። ከዚያ በዚያ በማይታማው የእጅ ጽሑፌ፣ ፊደሉን አሳምሬ፣ "ባለቤቱ ያልታወቀ የስማዳ ዜማ" ብዬ ጻፍኩ። አስማማው ወስዶ አባዛው። በስድሳ ምናምን ዓመቴ አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ አላውቀውም አልኩ፤ ያውም በሁለት መቶ ቅጂ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ቅዳሴ አስቀድሰው የመጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ገበሬዎቹ ዱላቸውን በር ላይ አስቀምጠው፣ ወጣቶቹ ስልካቸውን አንግተው። መዋጮ የሚጠየቅ የመሰላቸው በሩ አጠገብ ቦታ ያዙ። የኔታ ከእኔ ቀጥሎ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሥራ ሲጀመር ሰው ሁሉ ሥዕል ሊነሣ እንደተዘጋጀ ደርቆ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ትከሻ ላላ። ቫዮሊኑ ወደ ላይ ሲወጣ አንዲት እናት ሳታስበው እልል አለችና አፏን ያዘች፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ እየተጫወተ ፈገግ አለላት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልፈራም። ያ ዓርብ ለፒያኖው ያዘነው ገበሬም መጥቷል። ከኋላዬ ሆኖ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ "ትልቋ የኛዋ ማሲንቆ ናት፣ አድጋ ነው። ያ ጥቁሩ ደግሞ ድኗል።" ዘወር ብዬ አላየሁትም፤ ሊያስቀኝ ነበር።

አስማማው ማይክ ይዞ ተነሣ። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ። "የመጨረሻው ሥራ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የስማዳ ዜማ።" በወረቀት ላይ ሳየው ችዬው ነበር። በዚያ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሲነበብ ግን አልቻልኩትም። ጀመሩ። ፒያኖው ጠረገ፣ ቫዮሊኑ ገባ፣ ሐረጓ መጣች። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ እጄ ወንበሩን ያዘ። በሦስተኛው ነው የምከፍተው። አራት። የኔታ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ አደረጉ፣ በማኅሌት የግራውን ወገን ተነሥ እንደሚሉት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ እውነት ነው፣ ያንኳኳል፣ ግን ሰው የሚያሰማ እንጂ የሚያደነቁር ነፋስ አይደለም፤ ያኔም አልነበረም። ስምንት። አስማማው በትምህርት ቤት ዘመኑ ሆዱን ይቆርጠው የነበረው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንደኛው ላይ ሜሮን ደጋኗን አነሣች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔ ቆሜያለሁ።

"ተቀበል!" አልኩ።

ያ ሁሉ ሕዝብ ዘወር አለ። ለማን እንዳልኩ ማንም አላወቀም። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ጫጫታ ያሸነፈ ድምፅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይንቀጠቀጥም።

"መጻፍ አልተማረ፣ ፊደል አልቆጠረ፤
በአንድ ጭራ ገመድ እኔን አስተማረ።"

ልጁን የምትለዋን ትቼ እኔን ነው ያልኩት። ሜሮን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። በወረቀታቸው ላይ ከዝምታው በኋላ ፒያኖው ነበር የሚገባው፤ ያ መነጽራም ልጅ ግን እጁን ከፒያኖው አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገና ጠበቃት። ልጅቱ የኛን ደንብ ከየት አወቀችው? አላውቅም። ደጋኗን መለሰችና የሰጠኋትን ግጥም፣ ቃሉን በቃል እየተከተለች፣ ያለ አፍ ተቀበለችው። ቼሎው "እኔን አስተማረ" ሲል ከፊት ወንበር እስከ በሩ ሁሉም ሰምቶታል። ከዚያ የሆነውን ቤት መክፈት ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያምነው። ከኋላዬ ያ ገበሬ፣ ነገሩ ገብቶት፣ ብድግ አለ።

"ተቀበይ! ሰው ሞተ እንላለን አፈር ከለበሰ፤
ድምፁ በልጁ አፍ ጋይንት ተመለሰ።"

እልልታው ቆርቆሮውን አነሣው። አንዲት እናት ሰጠች። በር ላይ የቆመ የባጃጅ ነጂ ሰጠ፤ ቤት ግን አልመታለትም፣ ነገ ይቃናል። ሦስቱ ልጆች እየሳቁ፣ ቫዮሊኑ አንዱን፣ ቼሎው ሌላውን እየተቀበሉ፣ ፒያኖው ከሥር እያነጠፈላቸው፣ ሃያ ደቂቃ ነው የተባለው ሥራ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዘለቀ። የኔታ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው "በል እንግዲህ፣ ግራው ደረሰ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ይህን የምጽፈው ከወር በኋላ ነው። አስማማው ከአዳራሹ ጎን ያለችውን የዕቃ ክፍል ባዶ አድርጎልኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግጥም መስጠት እናስተምራለን፣ የዘመዶቼ ልጅ ከወገዳ ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የተመዘገበችው የሹሙ ልጅ ናት። አንድ አባት መጥቶ "ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው?" ቢለኝ "እንደ እኔ" አልኩት፤ ስሟን አስመዝግቦ ሄደ። የምቆጣ ሰው መሆኔ ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል።

የእሑዱን መጨረሻ ግን አልተናገርኩም። ሰው ሲያጨበጭብ ሜሮን ቼሎዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ከመድረኩ ወረደች። በእጇ የካሴቱን ሽፋን ይዛለች፤ ቢጫ ሆኗል፣ "አዝማሪ፣ ከስማዳ" የሚለው ብቻ ይነበባል። አስማማው ማይኩን እንደያዘ ተከትሏት መጣ፤ አላባረርኩትም፤ ሰው ሁሉ ይስማ።

"ስሙን ያውቁታል፣ አይደል?" አለችኝ።

"ፈንቴ ብሩ" አልኩ። "ከወገዳ ወዲያ፣ ከስማዳ። የእስቴ ገበሬ አልነበረም። አንድም በሬ አልነበረውም። ያን ዝምታ የወደዳችሁለት ሰው ዝም ማለቱ አልነበረም ልጄ፣ ሰው እየጠበቀ ነበር።"

ብዕር ሰጠችኝ። ሽፋኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሙን ጻፍኩ። ልጅቱ ጽሑፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"እርስዎስ ቲቸር፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?"

"ካሴቱ ላይ የምትስለው ልጅ" አልኳት፣ "እኔ ነኝ።"